ምላሴ ዓይኔን ሲበላ

ማር የምትነግድ ወገኔ፣ ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው ላንተ ነው። ቅቤ ነጋዴም፣ ጠጅ ጣይም፣ ጠጅ ጠጪም ቢያነበው አልከለክልም። የሚስቅ ይሳቅ። ከሱሉልታ እስከ ዓለም ገና የተሳቀብኝ ሳቅ ስለተጠራቀመ፣ አንድ ሰው ቢጨመርበት አይሰማኝም። ፊደሌን አተልቄ የምጽፈው ግን ተኮፍሼ አይደለም። ደቃቅ ፊደል ለግራ ዓይኔ አይታየውም፤ ቀኙን ደግሞ እሳሳለታለሁ።

ዘውዴ እባላለሁ። ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። ከገበሬ ማር እገዛለሁ፣ አዲስ አበባ ላሉ ጠጅ ቤቶች አስረክባለሁ። የቡራዩ ገበያ ሲቆም ቡራዩ፣ የሱሉልታ ሲቆም ሱሉልታ ነኝ። ትምህርቴ ዳዊት ሳልደግም የተቋረጠ የቄስ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ገበያ ሰውን በአረማመዱ፣ ማርን በአወራረዱ መለየት ያስተምራል፤ ስለ ሽንት ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። የኔ ሕመም ደግሞ የጀመረው ከሽንት ነው።

መጀመሪያ ውሃ ጥም መጣ። በጣሳ የጀመርኩትን በማሰሮ አደረግሁት። የጠጣሁትን ያህል ደግሞ ይወጣል። አንድ ቀን ከሱሉልታ በሎንቺና ስመለስ እንጦጦ ዳገት ላይ ሾፌሩን አስቆምኩት። ትንሽ እንደሄድን ደግሜ አስቆምኩት። እንደገና ስለምነው ድምፄ ራሱ አፍሮ አልወጣ አለ።

“ኧረ ሰውየው ምን ሆነው ነው?” አለች አንዲት ሴትዮ።

“ተይዋቸው፣ ባሕር ዛፉን እያጠጡት ነው” አለ ከኋላ አንዱ።

ሎንቺናው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲስቅብህ አብረህ ከሳቅህ ግማሹ ሳቅ ያንተ ይመስላል። ወደ መቀመጫዬ ስመለስ ግን የማንንም ፊት አላየሁም።

ቀጥሎ መክሳት መጣ። ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ዘመድ ተሰብስቦ የኮሶ ትል ነው አለና ኮሶ አጠጣኝ። ኮሶው ትል አላወጣም፤ የቀረኝን አቅም ግን ጠራርጎ ይዞት ወጣ። አንዱ ወዳጄ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ስለጠረጠረ፣ ቤቱ ስሄድ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረ። በመጨረሻ እዚያው ሰበታ አንድ ድሬሰር ዘንድ ሄድኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበትም ሐኪም የሚሆን ሰው ነው።

“ሽንት በዛብኝ” አልኩት።

“ያቃጥልዎታል?”

“ትንሽ።”

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ጋሽ ዘውዴ፣ ወንድ ለወንድ ነን። ገበያ ሲሄዱ የት ነው የሚያድሩት?”

“ቤቴ ነዋ!”

“እሱስ ሁሉም ቤቱ ነው የሚያድረው” አለና ፔኒሲሊኑን መቅዳት ጀመረ።

ጨብጥ ነው ማለቱ ነው። መከራከር ነበረብኝ። ነገር ግን አንድ ሰው በር ዘግቶ እንዲህ ሲልህ፣ ያልሠራኸውን ሠርተህ ይሆን ብለህ ራስህን ትጠረጥራለህ። ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ተወጋሁ። የመርፌው ቦታ ሳይደርቅ ወሬው ቤቴ ገባ። ባለቤቴ አስካለ መጮህ አታውቅም። ብርድ ልብሴን ወሰደችና ማር በምናስቀምጥበት ክፍል፣ በገንቦዎቹ መሀል አነጠፈችልኝ። “እዚህ ይሻልሃል” ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ያወጣኝ ጉንዳን ነው። አንድ ጠዋት ከጓሮ ጠራችኝ።

“አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ እይ።”

“ምኑን?”

“ሽንትህን።”

ከአጥሩ ሥር፣ ሌሊት ወጥቼ የተመለስኩበት ቦታ ላይ፣ ጉንዳን ተሰልፎ ይመላለሳል። ማር በፈሰሰበት ቦታ ጉንዳን እንዴት እንደሚሰለፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

“ይኼ ያ ድሬሰር ያለው በሽታ አይደለም” አለች። “እሱ በሽታ ጉንዳን አይጠራም።”

ብርድ ልብሴን ራሷ ተሸክማ ወደ አልጋው መለሰችው። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ጨብጥ ባይሆንም እንኳ፣ ጉንዳን ለሽንቱ የሚሰለፍለት ሰው ደረቱን የሚነፋበት ምክንያት የለውም።

አዲስ አበባ ወዳለ ሆስፒታል ሄድን። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ በተራ እየተንፏቀቅን ቀኑ ተጋመሰ። ሽንቴን በብርጭቆ ይዤ በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነጠላውን አየት አደረጉና፣

“ብርዝ ነው?” አሉኝ።

“ወደዚያው ነው አባቴ” አልኳቸው።

ውስጥ ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቀላቅለው አፈሉት። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው እንደ ጡብ ቀላ። “ስኳር በሽታ ነው” ተባልኩ። በእኛ ሰፈር ይህ በሽታ የሹማምንት ነው ይባል ስለነበር፣ ለአንድ አፍታ ሹመት የደረሰኝ መስሎኝ ነበር። ሹመቱ ይኸው ነው፦ በየቀኑ ኢንሱሊን የሚባል መርፌ መወጋት፤ ስኳር የለም፣ ጠጅ የለም፣ ማር የለም።

ለመድኃኒቱና ለመመላለሻው በቅሎዬን ሸጥኩ። አስካለ መውጋት ተማረች። መርፌውን ትቀቅላለች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ቀብራ ታቀዘቅዛለች። ያንን ሰማያዊ ውሃም ሰጥተውን ስለነበር፣ በር ዘግተን ሽንቴን እናፈላለን። የተዘጋው በርና እሳቱ ጎረቤቱን ስላጠራጠረው አረቄ ያወጣሉ ተባልን። አላስተባበልኩም። የማር ነጋዴውን ስኳር ያዘው ከምባል አረቄ አውጪ ብባል ይሻለኝ ነበር። ጠጅ ቤቶቹ ቢሰሙ “ማሩ ነው የመረዘው” ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጨጓራ ነው አልኩ።

ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ጠጅ ተውኩ፤ ሠርግ ቤት ብርሌ መልሼ የሙሽራውን አባት አስቀየምኩ። እንዲያም ሆኖ ከገበያ በተመለስኩ ቁጥር ያ ውሃ ጡብ ይሆናል።

“ውሃው ተበላሽቷል” እላታለሁ አስካለን።

“ይሆናል” ትለኛለች። ፊቷ ግን አይሆንም ይለኛል።

ከዚያ ዓይኔ ተራውን ያዘ። አንድ ቀን ጭጋግ ይሆናል፣ በማግስቱ ይጠራል። መርካቶ፣ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሚያዞር ሰው መነጽር ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላው አልሆን አለኝ። ሌላ ገዛሁ፣ እሱም አልሆነኝ። ነጋዴ ሆኜ ተጭበረበርኩ ብዬ ልጣላው ስሄድ አጣሁት። ኋላ ነው የተማርኩት፤ የደም ስኳር ከፍ ዝቅ ሲል እይታም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ መነጽር መግዛት፣ በሚሮጥ በሬ ላይ ቀንበር እንደ መለካት ነው። አንዱ ሞራ ነው አለኝ። ጸበልም ተጠመቅሁ፤ ለነፍሴ ደስ አለኝ፣ ጭጋጉ ግን ከነበረበት አልሄደም።

ለማንም አልተናገርኩም። ሰውን በድምፁና በአረማመዱ እየለየሁ ሰላም እላለሁ፤ ዝም ብሎ ያለፈኝን እኔም አልፈዋለሁ። ቡራዩ የሚኖር ደምሴ የሚባል ማር ነጋዴ አለ። በየገበያው እንሻማለን፤ ምላሱ ከሚዛኑ ይፈጥናል። አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ቆሞ እጁን ሲዘረጋልኝ ሳላየው አለፍኩ።

“ዘውዴ!” አለ ገበያው እስኪሰማ። “ሰላምታም በኪሎ ሆነ እንዴ?”

ሰው ሳቀ። “ሐሳብ ይዞኝ ነው” አልኩ። ሀብት አናወዘው መባልን መረጥኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። ልታወር እየሄድኩ፣ የፈራሁት መታወሩን ሳይሆን መታወቁን ነበር።

የፈነዳው ሱሉልታ ላይ ነው። ኦቦ ጉተማ ከወጣትነቴ ጀምሮ ማር የሚሸጡልኝ ገበሬ ናቸው። ከእሳቸው ገዝቼ ገንቦውን ራሴ ላነሳ ጎንበስ ብዬ ብድግ ስል፣ በግራ ዓይኔ ውስጥ ጥቁር ክር ተመዘዘ። ክሩ የሸረሪት ድር ሆነ። ድሩ ጢስ ሆነ።

“ማነው እሳት ያነደደው?” አልኩ።

“የምን እሳት?” አሉ ኦቦ ጉተማ።

“ይኼ ጢስ!”

“ጢስ የለም እኮ ዘውዴ።”

ጢሱ ቀላ። በግራ በኩል ያለው ዓለም በሙሉ ቀይ መጋረጃ ተጋረደበት። ገንቦው ከእጄ ወጥቶ ተሰበረ፤ ማሩ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ይሰማኛል። ያን ዕለት ደምሴም ሱሉልታ መጥቶ ኖሯል።

“በጠዋቱ!” ሲል ሰማሁት። “ማሩ ጠጅ እስኪሆን እንኳ አልጠበቀም!”

“ኮቱ፣ ና ቁጭ በል” አሉኝ ኦቦ ጉተማ ክንዴን ይዘው። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው መረመሩኝ። “ያ ዋቃ! ምንም የለበትም እኮ። ነጩ ነጭ ነው፣ ጥቁሩም ጥቁር።”

የዚህ ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ውስጡ ደም ሞልቶ፣ በውጭ የሚያምር ዓይን ይዘህ ትቆማለህ። ሰካራም እንጂ በሽተኛ አትመስልም። ኦቦ ጉተማ በሰው መሀል እየመሩ ወስደው ሎንቺና ላይ አሳፈሩኝ። ምን ነካህ ሲሉኝ “ራስ ምታት ነው” አልኳቸው። በዚያ ሰዓት እንኳ።

በማግስቱ አስካለ ይዛኝ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ባዶ እጅ ሰው ፊት መቅረብ ስለማልወድ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዤ ነበር። ለሐኪሙ ማር ይዞ የሄደ ስኳር በሽተኛ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም። ጠብታ አድርገውልኝ ጨለማ ክፍል አስገቡኝና በትንሽ መብራት የዓይኔን ውስጥ ያዩ ጀመር። ግራውን ቶሎ ተዉት። ቀኙ ላይ ብዙ ቆዩ። ያስፈራኝ ቶሎ የተዉት ሳይሆን የቆዩበት ነው።

“አቶ ዘውዴ፣ ገፈርሳን ያውቁታል?” አሉኝ መብራቱን አስቀምጠው።

“ቡራዩ ስወጣ ስወርድ አየዋለሁ።”

“ግድቡ ላይ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ አለ እንበል። ከተማው ሲጠማው ይከፍታል፣ ሲበቃው ያጠባል። ከዓይናችን በስተኋላ ሬቲና የሚባል ስስ ልባስ አለ፤ ብርሃንን የሚቀበለው እሱ ነው። በውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ። ጤነኛ ሲሆኑ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ደም በሚያስፈልግበት ይሰፋሉ፣ በበቃበት ይጠባሉ። ስኳር የበዛበት ደም ዘወትር ሲመላለስባቸው ግን ይኼ ዕውቀታቸው ይጠፋል። ዘበኛው ሰከረ ይበሉ።”

“ዘበኛ ሲሰክር አውቃለሁ” አልኩ። “ከዚያስ?”

“መዝጋት ሲገባው ይከፍታል፣ መክፈት ሲገባው ይዘጋል። አንዱ ቦታ ያብጣል፣ ያፈሳል። ሌላው ቦታ ደም አጥቶ ይራባል። የተራበው ቦታ አዲስ ሥር ያበቅላል፤ አዲሱ ሥር ደግሞ ልፍስፍስ ነው። ትናንት ግራ ዓይንዎ ውስጥ የፈሰሰው ከዚያ ነው።”

“ቀኙስ?”

“ማበጥና ማፍሰስ ጀምሯል። ገና አልፈነዳም።”

አስካለ ጉልበቴን ጨብጣ ያዘችኝ።

“መድኃኒት የለውም?” አልኩ።

“በሌላ አገር በብርሃን የሚተኩሱ አሉ፤ እኛ ዘንድ የለም። የግራው ደም ቀስ እያለ ሊጠራ ይችላል፣ ላይጠራም ይችላል። ቀኙን የምናተርፈው ስኳሩን ከያዝነው ነው። መርፌውን ይወስዳሉ?”

“በየቀኑ።”

“ጠጅ?”

“ትቻለሁ።”

“ማር?”

“ማር በልቼ አላውቅም” አልኩ። እየዋሸሁ አልነበረም። በእኛ ሥራ ማር በላ የሚባለው ቁጭ ብሎ በሳህን ያቀረበ ሰው ነው።

“ይቀምሳል” አለች አስካለ።

“እሱ ሥራ ነው!” አልኳት።

“ይቀምሳል ዶክተር። ከእያንዳንዱ ገንቦ።”

ለማታውቁት ላስረዳ። ሻጭ ጥሩውን ማር ከላይ፣ የተበረዘውን ከታች ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ገዢ ከላይ ይቀምሳል፤ መቅመሻ እንጨቱን ሰዶ ከመሀል ይቀምሳል፤ ታች አድርሶ ይቀምሳል። የማይቀምስ ገዢ ወይ ማር አያውቅም፣ ወይ ሻጩን ንቋል። እኔ በዚህ ምላስ ስሜን የገነባሁ ሰው ነኝ። ማሩ የግራዋ አበባ ይሁን የመች አበባ፣ በቀመስኩ ጊዜ እለየዋለሁ። ይህን ሁሉ ለሐኪሙ በኩራት ነገርኳቸው።

ሐኪሙ ያመጣሁትን ጣሳ ከፈቱ። ከጎኑ ባዶ ብርጭቆ አስቀመጡ። ጉሮሮ ሲያዩ ምላስ የሚጫኑበትን እንጨት አቀበሉኝ።

“አሁን ሱሉልታ ገበያ ነን” አሉ። “ወደ አፍዎ የሚያስገቡትን እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ያስገቡት።”

ፈገግ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገበሬ፦ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች። ቀጣዩ። ከዚያ ኦቦ ጉተማ።

“የኦቦ ጉተማን ይደግማል፤ ስለሚወደው” አለች አስካለ።

ደገምኩ። ቀጣዩ። ቀጣዩ። ዋጋ ሳንስማማ ቀርተን ዞሬ የምመለስባቸውም አሉ፤ ስመለስ እንደገና እቀምሳለሁ። የብርጭቆው ግማሽ ሲያልፍ ፈገግታዬ ጠፋ። ነርሷ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል። ጠብታው ባደበዘዘው ዓይኔ ፊታቸው አይለይም።

“አላለቀም?” አሉ ሐኪሙ።

“አላለቀም” አለች አስካለ።

ብርጭቆው ሞላ። ሐኪሙ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት፤ ልክ እኔ ማር ስገዛ እንደማደርገው።

“ይህን ይጠጡ ብልዎ ይጠጡታል?” አሉኝ።

ሰርቄ ብያዝ እንዲያ አላፍርም ነበር። ሌባ ቢያንስ ምን እየወሰደ እንደሆነ ያውቃል። እኔ የስንቱን ገበሬ ሚዛን የምቆጣጠር ሰው፣ በየገበያው ቀን አንድ ብርጭቆ ማር በገዛ አፌ ሲገባ አላየሁም። ሚስቴ ማታ ማታ ትወጋኛለች፣ እኔ ቀን ቀን አፈርሰዋለሁ። ከክፍሉ ስወጣ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ “ምስኪን” ስትል ሰማኋት። ሳቅ ይሻለኝ ነበር።

ደሙ እንዲዘቅጥ ተቀምጬ እንድተኛ፣ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ታዘዝኩ። ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፌ አነጋዋለሁ። ጨለማ ውስጥ ቀኝ ዓይኔን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ የማየው ነገር ስለሌለ ታውሬ ይሆን አልታወር አላውቅም። መስኮቱ እስኪነጣ ልቤ አይመለስም። አስካለ ይህን ስታውቅ ኩራዟን ዝቅ አድርጋ ሳታጠፋት ማደር ጀመረች። ጋዝ አለቀ ብላ አንድ ቀን አላነሳችብኝም።

ግራው መጥራት የጀመረው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ከላይ ይጠራል ስል ከታች ጀመረ። ዓይን ውስጥ ሥዕል ተገልብጦ ስለሚያርፍ ነው አሉ ሐኪሙ፤ ደሙ ሲዘቅጥ የሚከልለው ላይኛውን ነው። እናም በግራ ዓይኔ መጀመሪያ ያየሁት የአስካለን እግር ነው። ፊቷ ገና ቀይ ጉም ውስጥ ነበር። የጎማ ጫማዋ ጎኑ ተቀዷል፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ዓለም ገና ድረስ በእግሯ እየሄደች ማር ትሸጥ ኖሯል። በደህናው ዓይኔ ስንት ዘመን ሳየው የኖርኩትን እግር እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። አፍሬ ዓይኔን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ወደ ሱሉልታ ስመለስ አስካለ አብራኝ መጣች። አስቀድሜ ዘዴ ዘይጄ ነበር፤ እንጨቱን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ፣ አፌን ሳልከፍት፣ ራሴን ነቅነቅ ማድረግ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሻጮች ላይ ሠራልኝ። ሦስተኛው ኦቦ ጉተማ ነበሩ።

“አካም ቡልቴ ዘውዴ? ተሻለህ?” ብለው እንጨቱን አቀበሉኝ። ከንፈሬን አስነካሁና ነቀነቅሁ።

“አልቀመስክም” አሉ።

“ቀምሻለሁ ኦቦ።”

“ጉሮሮህ አልተንቀሳቀሰም። ማሬን ምን አገኘህበት?”

“ኧረ ምንም አላገኘሁበትም፤ እርስዎን ደግሞ!”

“ታዲያ ቅመስ!”

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ደምሴ በክርኑ እየገፋ መጣ። “የከተማ ሰው ሆኗል ኦቦ፤ ያንቱ ማር አይመጥነውም!” አለ።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አዩ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ያላታለሉኝ ሰው፣ በገበያው ሁሉ ፊት ማርዎ አስጠርጣሪ ነው እየተባሉ ነው። እንጨቱን አንስቼ ወደ አፌ አቀረብኩ። አንዴ ብቻ ነው፣ አልኩ በልቤ። አስካለን አየኋት። ዓይኗን ወደ ገንቦው አዞረች። ውሳኔውን ለኔ ተወችው። ጥላኝ የሄደች ያህል ፈራሁ።

“ስኳር በሽታ አለብኝ” አልኩ።

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

“ማር ክልክል ነው። ያን ዕለት የጣለኝ መጠጥ አይደለም፣ ዓይኔ ውስጥ ደም ፈሶ ነው። አንዱ ግማሹን ሄዷል። ብቀምስ ሌላውም ይሄዳል። ሽንቴን ጉንዳን ይበላዋል። ይኸው ነው።”

ስለ ጉንዳኑ መናገር አልነበረብኝም። ወጣ።

ማንም አልሳቀም፤ ኦቦ ጉተማ እንጨቱን ከእጄ ወሰዱ። ትንሽ አሰቡና ለአስካለ ዘረጉላት።

“ኮቱ፣ አንቺ ቅመሺ።”

እሷም በወንዶች መሀል ቆማ ከላይ ቀመሰች፣ ከመሀል ቀመሰች፣ ከታች ቀመሰች። ብዙ ቆየች።

“ከታች ቀጠን ይላል” አለች። “ዋጋውን ዝቅ ያድርጉልን።”

ኦቦ ጉተማ እኔን አዩኝ። “አንተ ትሻል ነበር” አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ገበያው የሳቀው። ደምሴም ስም አወጣልኝ፤ “ስኳሩ”። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሉልታ ስገባ “ስኳሩ መጣ” ነው የምባለው። ጠጅ ቤቶቹም ሰሙ። ሁለቱ ተዉኝ፣ የቀሩት አልተዉኝም። ስሙ አሁንም ይቆረቁረኛል፤ ለመድሁት ብዬ አልዋሽም።

ቀኝ ዓይኔን ሐኪሙ በየጊዜው ያዩታል። ማፍሰሱን ቀንሷል፤ አዲስ ሥር አላበቀለም። “ድኗል አልልዎትም፤ ቆሟል” ነው ያሉኝ። ግራው በጢስ የጠቆረ ብርጭቆ እንደማየት ነው። ሰማያዊው ውሃ አሁን አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ላይ ይቆማል። ቀለሙን የምታየው አስካለ ናት፤ እኔ አረንጓዴና ሰማያዊ ይምታታብኛል።

ወገኔ፣ ውሃ ጥም ከበዛብህ፣ ከከሳህ፣ ሽንትህ ነፍሳት ከሰበሰበ፣ ድሬሰር በሩን ሲዘጋብህ ከፍተህ ውጣና ሽንትህ ይፈተሽ በል። ስኳር አለብህ ከተባልክም ዓይንህን ደህና ሆኖ ሳለ አሳይ፤ እኔ የሄድኩት ከፈሰሰ በኋላ ነው። ሐኪም ምን ትበላለህ ሲልህ ደግሞ ሥራህንም ንገረው።

ይህን ጨርሼ ላስቀምጥ ስል ትናንት ደምሴ ሰበታ ድረስ መጣ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ማር መወደድ አወራ። አስካለ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ያ ሐኪምህ… ሰው ይቆጣል?”

“ምን ሆነህ?”

“እኔ? ምንም። ለአንድ ዘመዴ ነው።”

“ዘመድህ ውሃ ይጠጣል?”

“አያድርስ ነው።”

“ዓይኑስ?”

ደምሴ እጁን አየ። “ማታ ማታ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ይጠፋበታል” አለ።

የሚመለስለት ቀልድ ስንት ነበረኝ! አንዱም አልመጣልኝም። ያየሁት፣ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ነው፤ እኔ እንደዚያ ስቀመጥ ከውጭ ምን እመስል እንደነበር አየሁ።

“ነገ ቀጠሮ አለኝ” አልኩት። “ዘመድህን ይዘህ ናና አብረን እንሄዳለን።”

“ዘመዴ ካልተመቸውስ?”

“አንተ ና።”

ቀጠሮዬ ገና የዛሬ ወር ነው። አስካለ ከጓዳ ሆና ሰምታለች፤ ቀኑንም ከእኔ አሳምራ ታውቀዋለች። ሲነጋ የሁለት ሰው ቆሎ ቋጥራ በሩ ላይ አስቀመጠችልን።